«ሲስተም የለም» መልስ አይደለም

ከሰላምታ ቀጥሎ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት በብዛት የሚነገረው ዓረፍተ ነገር «ሲስተም የለም» ሳይሆን አይቀርም። ባንክ፣ ክፍለ ከተማ፣ የሆስፒታል ካርድ ክፍል፣ የአውቶቡስ ትኬት ቢሮ፣ የትም ብትሄዱ ታገኙታላችሁ። ጡረታቸውን ሊቀበሉ የመጡ እናት «ማዘር፣ ሲስተም የለም» ሲባሉ «የት ሄደ ልጄ?» አሉ የምትባል ቀልድ አለች። እኛ እንስቃለን እንጂ የሴትዮዋ ጥያቄ ትክክል ነው። ሲስተም የትም አይሄድም። ከብዙ ክፍሎቹ አንዱ ቆሟል ወይም ተንቀራፏል፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ይቻላል።

የዛሬው ሐሳቤ አጭር ነው። የሕዝብ ገንዘብና ጉዳይ የያዘ ማንኛውም ተቋም አንድ ግብይት የት ደርሶ እንደቆመ በደቂቃዎች ውስጥ መናገር መቻል አለበት። ይህን የሚያስችሉ መሣሪያዎች ኦፕን ሶርስ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ማለትም ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈቃድ ክፍያ የላቸውም፣ አውርዶ መትከልን የሚከለክል የለም። ስለዚህ «በጀት የለንም» የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም። ከበጀቱ ይልቅ የሚያስፈራው ነገር ጥፋቱ የማን እንደሆነ በግልጽ መታየቱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ነገሩን ከውስጥ እንየው። ድሮ የአንድ ድርጅት ፕሮግራም እንደ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ነበር። ሲወድቅ እንዳለ ይወድቃል፤ ጥፋቱንም የምንፈልገው አንድ ቦታ ነው። አሁን ቋጥኙ ተፈልጦ ማይክሮሰርቪስ የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ሆኗል። አንዱ የይለፍ ቃል ያረጋግጣል፣ አንዱ ቀሪ ሂሳብ ያያል፣ አንዱ ኮሚሽን ያሰላል፣ አንዱ ወደ ሌላ ባንክ ይልካል፣ አንዱ ኤስኤምኤስ ያወጣል። እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በኔትወርክ ነው። ጥቅሙ አይካድም፤ አንዱን ሳትነኩ ሌላውን ማሻሻል ትችላላችሁ፣ ሥራ የበዛበትን ክፍል ብቻ ለይታችሁ ማስፋትም ትችላላችሁ። ነገር ግን ከስልካችሁ 500 ብር ስትልኩ ጥያቄያችሁ መልስ ይዞ እስኪመለስ አሥርና ሃያ በሮችን ሊያንኳኳ ይችላል። ከነዚያ በሮች አንዱ ዝም ቢል እናንተ ስልካችሁ ላይ የምታዩት የምትሽከረከር ክብ ብቻ ነው።

ከዚያ የታወቀው ጭቅጭቅ ይጀምራል። «ከእኔ ወጥቷል።» «እኔ ጋ አልገባም።» ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒቱ በመስታወቱ ወዲያ፣ ገዢው በመስታወቱ ወዲህ ሆነው ሁለቱም ስልክ ስልካቸውን ያያሉ። ላኪው ባንክ ተቀባዩን ይጠቁማል፣ ተቀባዩ በመሀል የሚያገናኘውን ተቋም፣ እሱ ደግሞ ኔትወርኩን። በአንድ ተቋም ውስጥ እንኳ ነገሩ ያው ነው። የዳታቤዝ ሰዎች ኔትወርክ ነው ይላሉ፤ የኔትወርክ ሰዎች አፕሊኬሽኑ ነው ይላሉ፤ አፕሊኬሽኑን የጻፉት ደግሞ «እኛ ጋ ይሠራል» ብለው ይምላሉ። ሁሉም የራሱን ሎግ ይዞ ነው የሚከራከረው፤ ሁሉም እውነቱን ሊሆንም ይችላል። የጎደለው የአንዱን ሎግ ከሌላው ሎግ ጋር የሚያያይዘው ክር ነው።

መዝገብ ቤት የሠራ ሰው የዚህን መፍትሔ ከኢንጂነሩ በፊት ያውቀዋል። በወረቀቱ ዘመን ማመልከቻ ሲገባ የገቢ ቁጥር ይሰጠው ነበር። ወደ ኃላፊው ሲመራ፣ ወደ ባለሙያው ሲወርድ፣ ወደ ፋይናንስ ሲሻገር ያ ቁጥር አብሮት ይሄዳል፤ በየጠረጴዛው የገባበትና የወጣበት ቀን ይጻፋል። ባለጉዳዩ «ደብዳቤዬ የት ደረሰ?» ሲል የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቁጥሩን አይታ «አቶ እገሌ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ቀኑ» ትላለች። (በተግባር ስንቱ መዝገብ ቤት እንዲህ ይመልስ እንደነበር ለእናንተ ትቻለሁ።) ትሬሲንግ የሚባለው ይኸው ነው። ጥያቄው በመጀመሪያው በር ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ማይክሮሰርቪስ ቁጥሩን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያቀብላል፣ የገባበትንና የወጣበትንም ሰዓት እስከ ሚሊሰከንድ ይመዘግባል። ሁሉም በአንድ ስክሪን ላይ እንደ ደረጃ ተደርድሮ ይታያል፦ ቀሪ ሂሳብ ማየት 40 ሚሊሰከንድ፣ ኮሚሽን ማስላት 15፣ ወደ ሌላ ባንክ መላክ 30 ሰከንድ ጠብቆ ተቋርጧል። «እኛ ጋ ይሠራል» የሚለው መሐላ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው ጉግል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዳፐር ስለተባለው የውስጥ ሲስተሙ ጥናታዊ ጽሑፍ አወጣ፤ ኮዱን ግን አልሰጠም። ጽሑፉን ያነበቡ የየራሳቸውን ሠሩ። ትዊተር በ2012 ዚፕኪንን ለቀቀ፣ ኡበር በ2017 ዬገርን። የኮሪያው ኔቨር ፒንፖይንትን በ2015 ክፍት አደረገ። በዚያው በ2015 ዉ ሼንግ የተባለ ቻይናዊ ኢንጂነር ስካይዎኪንግን ጀመረ፤ በ2019 የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሙሉ ፕሮጀክት ለመሆን በቃ። እነዚህን መሣሪያዎች ያስወለዳቸው ከላይ ያየነው ዓይነት ጭቅጭቅ ነው፤ ብዙዎቹን ለመሸጥ ብሎ የጀመራቸው የለም።

ስካይዎኪንግ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ ዓይነት ቤት የሚመች ጠባይ ስላለው። የባንክና የመንግሥት ሲስተም በብዛት የሚጻፈው በጃቫ ነው። ስካይዎኪንግ ጃቫ ፕሮግራሙ ሲነሳ አብሮት የሚነሳ «ኤጀንት» አለው። ከፕሮግራሙ ኮድ አንድ መስመር ሳይነካ በየበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጥራል፤ የትኛው ማይክሮሰርቪስ የትኛውን እንደሚጠራም ካርታ ስሎ ያሳያል። ኮዱን የጻፈው ልጅ ካናዳ ገብቶ፣ ሰነድ ሳይተው የሄደበት ቤት ስንት ነው? እንዲህ ባለ ቤት ያ ካርታ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ከመሣሪያው ውስጥ ምንም ሳይጠቀሙ ካርታውን አትመው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት እንኳ አተረፉ።

ስለ ዋጋው ደግሞ እናውራ። ዳታዶግ፣ ዳይናትሬስ፣ ኒው ሬሊክ የሚባሉት የንግድ አገልግሎቶች ጥሩ ናቸው፤ ጥራታቸውን የሚክድ የለም። ግን ሂሳባቸው የሚሰላው በሰርቨር ቁጥር ወይም በሚላከው ዳታ መጠን ነው፣ የሚከፈለውም በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲተው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በየወሩ በዶላር የሚከፈል የክትትል አገልግሎት የያዘ ድርጅት፣ አንድ ሰርቨር እንኳ ሳይጨምር ወጪው በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚቆረጠው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለደንበኛ የማይታየው ነው።

ኦፕን ሶርስ ነጻ ነው ሲባል ግን እንደ ሠርግ ድግስ አትዩት። ትሬስ ቦታ ይበላል፤ ብዙ ግብይት ያለበት ተቋም ዲስክ፣ ሰርቨርና የሚንከባከብ ሰው ያስፈልገዋል። ከሦስቱ የመጨረሻው ይከብዳል። መሣሪያውን ተክሎ፣ ለአለቆች አሳይቶ፣ ከዚያ ማንም የማያየውን ስክሪን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚኖር ቤት ሞልቷል። ያ ክትትል ሳይሆን ጌጥ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጎበዝ ልጆች ሥራዬ ብለው ካልያዙት፣ ለነሱም ተመጣጣኝ ደመወዝ ካልተከፈለ ባይጀመር ይሻላል። ለፈቃድ ሊወጣ የነበረው ዶላር ወደ አገር ልጅ ደመወዝ ይዙር ነው የምለው። ገንዘቡ ጨርሶ ይዳናል አላልኩም።

ቦታ ይበላል ካልኩ አይቀር፣ ብዙ ቤት የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላንሳ። ሁሉንም ማስቀመጥ ውድ ስለሆነ መሣሪያዎቹ በናሙና መሥራት ይችላሉ። የጉግል ዳፐር መጀመሪያ ሲሠራ ከ1,024 ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ነበር የሚይዘው። ለፍለጋ ሞተር ይህ በቂ ነው፤ የአንድ ሰው ፍለጋ ቢጠፋ ሰውየው ደግሞ ይፈልጋል፣ ለኢንጂነሩ የሚያስፈልገው አጠቃላይ ፍጥነቱ ነው። ገንዘብ ግን እንዲህ አይደለም። ወይዘሮ እገሊት የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ልከው ጠፋባቸው እንበል። ለእሳቸው ጉዳዩ አንድ ነው፤ ያ አንድ ደግሞ ከናሙናው ውጪ ከሆነ ስክሪኑ «ዛሬ 99.9 በመቶ ተሳክቷል» እያለ አረንጓዴ ያበራል። ስለዚህ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ተቋም ናሙናውን መጨረሻ ላይ ይውሰድ፦ ግብይቱ አልቆ ከታየ በኋላ ያልተሳካውንና የዘገየውን በሙሉ ያስቀር፣ ደህና ካለፈው ጥቂቱን ይያዝ። የኦፕንቴሌሜትሪ ሰብሳቢ ይህን ማድረግ ይችላል። ኦፕንቴሌሜትሪ ሁለት ተፎካካሪ ደረጃዎች በ2019 ተዋሕደው የፈጠሩት የጋራ ቋንቋ ነው። ዳታውን በሱ ከሰበሰባችሁ ነገ ዬገርን ትታችሁ ወደ ስካይዎኪንግ ብትሄዱ፣ ወይም ገንዘብ ተገኝቶ ወደ ንግዱ አገልግሎት ብትሻገሩ አፕሊኬሽናችሁን እንደገና አትነካኩም።

ይህ የጋራ ቋንቋ ለምን ያስፈልጋል ለሚል፣ የኤላስቲክን ታሪክ ያስታውስ። ኤላስቲክሰርች በ2021 የፈቃድ ውሉን ሲቀይር አማዞን ኮዱን ከፍሎ ኦፕንሰርች የሚባል ሌላ መንገድ አወጣ። ክፍት የሆነ ነገር ሁልጊዜ በነበረበት ውል አይቀጥልም። ለራሱ ቤት ለሚጠቀም ተቋም ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ግን በር ሲሠሩ መውጫውንም አስቦ መሥራት ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ምቾት ሊመስል ይችላል። በእኔ እምነት ዋናው ጉዳይ ፍትሕ ነው። ሲስተሙ ምን እንዳደረገ ማስረጃ በማይኖርበት ቤት፣ ጥፋቱ የሚወድቀው መስኮቱ ላይ ባለው ሰው ላይ ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ ከእንግሊዝ የፖስታ ቤት ጉዳይ ሌላ አላውቅም። ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ የሠራው ሆራይዘን የሚባል የሂሳብ ሲስተም በየቅርንጫፉ ተተከለ። ሲስተሙ ጉድለት አለ ባለ ቁጥር የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ ከኪሳቸው እንዲተኩ ተደረገ፤ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰት ሂሳብ ተፈርዶባቸዋል። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። እያንዳንዳቸው «ይህ የተፈጠረው እኔ ጋ ብቻ ነው» ብለው እንዲያስቡ ነበር የተደረጉት። በታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲስተሙ ራሱ ስህተት እንደነበረበት አረጋገጠ፤ ከሩቅ ሆኖ የቅርንጫፉን ሂሳብ መንካት እንደሚቻልም ተገለጠ። በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሰረዛቸው። ሰው ለሃያ ዓመት ሌባ ሲባል ከኖረ በኋላ!

እኛ ቤት ካዝና ሲጎድል ገንዘብ ያዡ ይከፍላል የሚለውን ልማድ የማያውቅ የለም። በወረቀት ዘመን ምክንያት ነበረው፤ ብሩን የቆጠረው እሱ ነው። አሁን ግን አንድ ግብይት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ፣ ወይም «አልተሳካም» ብሎ መልሶ ከኋላ ተሳክቶ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ያዧ ይህን በምን ታሳያለች? እርግጥ ነው ትሬስ የሂሳብ መዝገብ አይደለም፤ ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ይጠፋል፣ ለኦዲት ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን ክርክሩ ትኩስ በሆነበት ሰዓት «አፕሊኬሽኑ ሁለቴ ልኳል» የሚል ማስረጃ ከእሱ ይገኛል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን የመጋቢት 2016 ዓ.ም ሌሊት ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከዓርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ተሰራጨ፣ ኤቲኤሞች ላይ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ በጥገናና ፍተሻ ሥራ ላይ የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ። ያለአግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነና አብዛኛው እንደተመለሰ ባንኩ አስታውቋል፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶም አውጥቷል። ያን ሰሞን ወሬያችን ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ነበር። ሥነ ምግባሩ የራሱ ቦታ አለው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው የተሳሳተ ግብይት ካለፈበት ደቂቃ እስከ ደወሉ ደቂቃ ስንት ሰዓት አለፈ? የትሬስ መሣሪያ ስህተቱን ያስቀረው ነበር እያልኩ አይደለም። ስህተት የሚገባው በሰውና በአሠራር ነው። ይሁንና ገንዘብ የሚያወጣው አገልግሎት ቁጥሩ ሲንር፣ ቀሪ ሂሳብ የሚያረጋግጠው አብሮት ካልናረ፣ ወይም «በቂ ሂሳብ የለም» የሚለው መልስ በድንገት ከጠፋ፣ እንቅልፍ የማይተኛ ማሽን ይህን አይቶ ተረኛውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ከመቀሰቃቀሳቸው በፊት።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው አንድ ነው። «የኛ ዋና ሲስተም ከውጭ የተገዛ፣ የተዘጋ ነው፤ ውስጡን ማየት አንችልም» ይላሉ። እውነት ነው። ግን የተዘጋው ሣጥን ዙሪያውን የከበቡት የሞባይል አፑ፣ ኤፒአዩ፣ የኤቲኤም ማገናኛው፣ የኤስኤምኤሱ አገልግሎት በአብዛኛው እዚሁ የተሠሩ ወይም እዚሁ የሚታዩ ናቸው። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ባታዩ እንኳ ምን እንደገባና ከስንት ሰከንድ በኋላ ምን እንደወጣ ትመዘግባላችሁ። ያኔ ከሻጩ ጋር የምትነጋገሩት በልመና ሳይሆን በቁጥር ነው። በቀጣዩ ጨረታ ሰነድ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ትጨመር፦ ሲስተሙ የትሬስ መረጃውን በኦፕንቴሌሜትሪ ደረጃ ማውጣት አለበት። ከመፈረሙ በፊት ይህን ማስገባት ቀላል ነው፤ ከተፈረመ በኋላ ግን ሻጩ ለብቻው ያስከፍልበታል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። እነዚህ መሣሪያዎች ዝም ከተባሉ ሁሉንም ይሰበስባሉ፤ የሂሳብ ቁጥር፣ ስልክ ቁጥር፣ አንዳንዴም የይለፍ ቃል ትሬሱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ስክሪኑን የሚያይ ማንኛውም ሠራተኛ የጎረቤቱን ገንዘብ ያያል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም ነውር ነው። መረጃው ወደ ማከማቻው ከመድረሱ በፊት፣ ሰብሳቢው ላይ እያለ ይሸፈን። ማን ስክሪኑን እንደሚያይ ይገደብ፣ ያየውም ይመዝገብ።

አሁን ወደ ተቆጣጣሪዎቹ። በሚያዝያ 2018 (እ.ኤ.አ.) ቲኤስቢ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ የ5 ሚሊዮን ደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር ተበላሸ፤ እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ሂሳቡን ማግኘት አቃተው። የውጭ የሕግ ድርጅት ምን እንደተፈጠረ መርምሮ ያዘጋጀው ዘገባ ለሕዝብ ወጣ። በ2022 ተቆጣጣሪዎቹ ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡ፣ በቀጣዩ ዓመት የቀድሞውን የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ በግሉ 81,620 ፓውንድ። ቅጣቱን እንኳ ተዉት፤ የሚያስቀናው ዘገባው ነው። እኛም ጋ የክፍያ አገልግሎት ለተወሰነ ሰዓት ሲቋረጥ መቼ ተጀመረ፣ የትኛው ክፍል ቆመ፣ ስንት ግብይት ተነካ፣ ስንቱ ተመለሰ የሚል አጭር ዘገባ በቀናት ውስጥ ለሕዝብ እንዲወጣ ይገደድ። ትሬስ ያለው ተቋም ይህን በአንድ ከሰዓት ይጽፈዋል። የሌለው አይችልም፤ ስለዚህ ይተክላል።

የመጨረሻው ነገር ከአንድ ተቋም በላይ ነው። ደብሊውስሪሲ የተባለው የድር ደረጃ አውጪ በ2020 የትሬስ ቁጥር ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ ደረጃ አውጥቷል። የተለያዩ ድርጅቶች አንዱ የሌላውን ገመና ሳያይ ቁጥሩን ብቻ ሊቀባበሉ ይችላሉ። ባንኮቻችን፣ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶቹና በመሀል የሚያገናኛቸው ተቋም አንድ ቁጥር ለመቀባበል ቢስማሙ፣ ያ ቁጥር ደግሞ ለላኪውም ለተቀባዩም በኤስኤምኤስ ቢደርስ፣ ፋርማሲ ውስጥ የቆሙት ሁለት ሰዎች ስልክ ስልካቸውን ማየት ትተው ቁጥሩን ለየትኛውም ጥሪ ማዕከል ያነባሉ። ጥሪውን ያነሳችው ልጅም «24 ሰዓት ይጠብቁ» ከማለት ይልቅ ብሩ የትኛው በር ላይ እንዳለ ትነግራቸዋለች።